የቤት ክርክር ደሴና ኮምቦልቻ፦ "ይዤው ነበር" እና "የኔ ነው" ለየብቻ ነው የሚረጋገጡት

በቤት ጉዳይ ክስ ልታስገቡ ነው እንበል፣ ወይ ደግሞ መጥሪያ ደርሷችሁ መልስ ልትጽፉ ነው። ጠበቃ ከመፈለጋችሁም፣ ምስክር ከመቁጠራችሁም በፊት አንድ ነገር ለዩ፦ ዳኛ ፊት ቆማችሁ የምታስረዱት ቤቱን ይዛችሁት እንደነበር ነው ወይስ ቤቱ የናንተ መሆኑን? ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ለሚያወራ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው። ፍርድ ቤት ግን ሁለት ክስ ናቸው፣ ማስረጃቸውም ይለያል የጊዜ ገደባቸውም ይለያል፣ እና እኔ እንደማየው ሰው የሚሸነፈው ብዙ ጊዜ ቤቱ የሱ ስላልሆነ አይደለም፣ አንዱን ከሶ የሌላኛውን ማስረጃ ተሸክሞ ስለሚመጣ ነው።

የመጀመሪያው ሁላችንም "ሁከት ይወገድልኝ" የምንለው ነው፣ ፍትሐብሔር ሕግ ቁጥር 1149። ሁለተኛው "የመፋለም ክስ" ነው፣ ቁጥር 1206፣ ባለቤት የሆነ ሰው ንብረቱን ያለመብት ከያዘበት ከማንም ላይ መልስልኝ የሚልበት። ሕጉ የ1952ቱ ነው፣ አሮጌ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት፣ ዛሬም ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው እሱ ነው።

ከሁከት እንጀምር፣ ሰው በጣም የሚሳሳትበት እሱ ላይ ስለሆነ።

ዳኛው ሁከት ላይ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው ማለት ይቻላል። ቤቱ በእጅህ ነበር ወይ? ይሄ ሰውዬ ነጠቀህ ወይም አወከህ ወይ? አለቀ። ከማን እንደገዛችሁ፣ አያታችሁ ማን እንደነበሩ፣ ካርታው በማን ስም እንደሆነ ዋናው ጥያቄ አይደለም። ይዞታ ማለት በሕጉ (1140) አንድን ነገር በእውነት በእጅ አድርጎ ማዘዝ ነው፣ ወረቀት ሳይሆን ሁኔታ ነው የሚታየው።

አንዲት ልጅ እንውሰድ፣ ዘሀራ እንበላት። ሮቢት አካባቢ ከእናቷ ጋር ኖረች፣ እናቷ ካረፉም በኋላ እዛው ቀረች፣ የኋላውን ክፍል ለአንድ አስተማሪ አከራየች። አንድ ሰኞ ከገበያ ስትመለስ የአጎቷ ልጅ የውጪውን በር ቁልፍ ቀይሮ ጠበቃት። ካርታው ገና በሟች አባቷ ስም ነው፣ ጅዳና አዲስ አበባ ያሉ ወንድሞችም አሉ። ዘሀራ "ቤቱ የኔ ነው" ብላ ከጀመረች የወራሽነት ማስረጃ አምጪ፣ ወንድሞችሽስ የታሉ፣ ክፍፍል ተደርጓል ወይ፣ ካርታው ለምን አልዞረም… ሁሉም ይወርድባታል። "ቤቱን ይዤው ነበር፣ በዚህ ቀን ቁልፍ ቀይሮ አስወጣኝ፣ ይመለስልኝ" ካለች ግን ማስረዳት ያለባት ቁልፉ በእጇ እንደነበር፣ አስተማሪው ኪራይ የሚከፍለው ለሷ እንደነበርና ሰውየው በዛ ቀን ያደረገውን ነው። ለየትኛው ማስረጃ እንዳላት እሷም ታውቀዋለች።

የአጎቷ ልጅ ማምለጫ የለውም ማለት አይደለም። 1149 ራሱ ተከሳሹ ላደረገው ነገር የሚደግፈው መብት እንዳለው እዛው ወዲያውኑና በማያጠራጥር መንገድ ካስረዳ ይዞታው እንዳይመለስ በር ይከፍትለታል። ወዲያውኑ የሚለውን ልብ በሉ። "ምስክር አለኝ፣ ሰነዱ ባህርዳር ነው፣ ቀጠሮ ይሰጠኝ" እያለ ወራት የሚጎትት ሰው እዚህ ውስጥ አይገባም። እሱ መብት አለኝ ካለ የራሱን የመፋለም ክስ ያምጣ። ዘሀራም ብትሆን ሁከቱን ብታሸንፍ ባለቤት ሆናለች ማለት አይደለም፣ ወደነበረችበት ተመለሰች ማለት ነው፣ ዋናው የባለቤትነት ጥያቄ ለሌላ ቀን ይቆያል።

ጊዜው ደግሞ አጭር ነው፦ ሁለት አመት። ከተነጠቃችሁበት ወይም ከታወካችሁበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል፣ ካለፈ በሁከት መክሰስ አይቻልም። ደሴና ኮምቦልቻ ጥቅምት 2014 ተይዘው ህዳር መጨረሻ እስኪለቀቁ ድረስ ቤቱን ጥሎ የሸሸ ስንት ሰው አለ፣ ተመልሶ ሲመጣ ዘመድ ወይ ጎረቤት ገብቶበት ያገኘ፣ "ወንድሜ ነው፣ በሽማግሌ እንጨርሰዋለን" እያለ የቆየ። ሽማግሌ ጥሩ ነው፣ እኔም ወሎዬ ነኝ አልጠላውም፣ ግን ሽማግሌ ተቀምጧል ብላችሁ ሁለት አመቱ ቆሞ አይጠብቃችሁም። ያኔ ያልከሰሰ ሰው ዛሬ በሁከት አይሄድለትም፣ የሚቀረው መፋለም ነው፣ እሱ ደግሞ ባለቤትነትን ሙሉ በሙሉ ማስረዳት ይጠይቃል።

ውጪ ሀገር ያላችሁ "እኔ እኮ እዛ አልኖርም፣ እንዴት ይዤዋለሁ ልበል" ትላላችሁ። ሕጉ በሌላ ሰው በኩል መያዝን ይቀበላል። ተከራይ አስገብታችኋል? ዘበኛ ወይ የእህት ልጅ እንዲጠብቅላችሁ አስቀምጣችኋል? እነሱ ሲይዙ እናንተ ይዛችኋል። ችግሩ የሚመጣው አስቀማጭነታችሁን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ነው። የእህት ልጅ አምስት አመት በነጻ ከተቀመጠ በኋላ "ይዞታዬ ነው" ቢል በምን ትመልሱለታላችሁ? አንድ ገጽ ጻፉ፣ "ይህን ቤት ከዚህ ቀን ጀምሮ የአክስቴ የእገሊት ቤት መሆኑን አውቄ በነጻ እየጠበቅኩ ነው" ብሎ ፈርሞ ሁለት ሶስት ምስክር ያስፈርም። ዘመዱን እንደመጠራጠር አታርጉት፣ አብሽር፣ ዛሬ ስትስማሙ ነው እንዲህ አይነት ወረቀት የሚፈረመው፣ ከተጣላችሁ በኋላማ ማን ይፈርማል።

ይዞታን የሚያሳዩ ነገሮች ምን ምን ናቸው ካላችሁ፣ የኪራይ ውል (ተከራዩ ራሱ መጥቶ ቢመሰክር ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል)፣ የመብራትና የውሃ ደረሰኝ፣ የቤት ቁጥር ያለበት የቀበሌ መታወቂያ፣ ቤቱን ስታሳድሱ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የገዛችሁበት ሪሲት፣ የሰራው አናጢ፣ ቀን ያለባቸው ፎቶዎች። የቅሬ (የሰፈር እድር) መዝገብም ይጠቅማል፣ እዛ ሰፈር ኖራችሁ ሬሳ አብራችሁ እንደሸኛችሁ ያሳያል፣ ግን መኖርን እንጂ ባለቤትነትን አያሳይም እና የቅሬ ዳኛ ይዛችሁ ሄዳችሁ ካርታ ለማስረዳት እንዳትሞክሩ። ሁከት የተፈጠረበትን ቀን ደግሞ ለየብቻ ያዙ። ቁልፉ የተሰበረ ቀን ወዲያው ፖሊስ ሄዳችሁ አስመዝግቡ፣ ለቀበሌም በጽሁፍ አመልክቱ፣ ያመለከታችሁበትን ኮፒ "ገቢ" ብለው ቀንና ቁጥር እንዲጽፉበት አድርጉ። በኋላ ተከሳሹ "እኔማ ከገባሁ ሶስት አመቴ ነው" ሲል (ይላል፣ ሁሌም ይላል) አፉን የምትዘጉት በዛች ወረቀት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቁልፉን ሲቀይርባችሁ ጎረምሳ ሰብስባችሁ በሩን ሰብራችሁ መግባት ያምራል። ሕጉ (1148) ያዥ የሆነ ሰው የሚመጣበትን ነጠቃ በጉልበት እንዲከላከል ይፈቅዳል፣ በጉልበት ወይ በስውር ሲነጠቅም እዛው ወዲያውኑ እንዲያስመልስ፣ ግን ለሁኔታው ከሚያስፈልገው በላይ ጉልበት መጠቀምን አይፈቅድም። ሳምንት ቆይቶ ተደራጅቶ መሄድ እዛው ወዲያውኑ አይደለም። ያኔ ሁከት ፈጣሪው እናንተ ትሆናላችሁ፣ በወንጀልም ሊጠየቅ የሚችለው ሰው ይቀየራል።

ምስክር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ፋይል የሚበላሸው እዚህ ጋ ስለሆነ። ሰው ምስክር ሲመርጥ ትልቅ ሰው ነው የሚፈልገው፣ ሀጂ፣ ቄስ፣ የተከበረ ነጋዴ። ዳኛው የሚፈልገው ግን ያየ ሰው ነው። "ቤቱ የዘሀራ ነው፣ ደሴ ሁሉ ያውቀዋል" የሚል የተከበረ ሽማግሌ ከምንም አይቆጠርም፣ ምክንያቱም የማን እንደሆነ መወሰን የዳኛው ስራ ነው። ከዚህ ይልቅ እንዲህ የሚል ጎረቤት ይምጣላችሁ፦

"ቤቱን እንዴት ያውቁታል?"
"አጥራችን አንድ ነው።"
"ማን ነበር የሚኖርበት?"
"ዘሀራ ናት። እናቷ በህይወት እያሉም ከሞቱም በኋላ።"
"በምን አወቁ?"
"ጠዋት በሩን ስትከፍት አያታለሁ። ለአስተማሪው ያከራየችው እሷ ናት፣ ብሩን ሲሰጣት ሁለት ሶስቴ አይቻለሁ። ባለፈው ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮ ያስቀየረችው እሷ ናት፣ ሰራተኛው መሰላል የተዋሰው ከኔ ነው።"

መሰላሉን ማንም ቁጭ ብሎ አይፈጥረውም፣ ዳኛው ይሄን ያውቃል። ከዛ የተከሳሹ ጠበቃ ተነስቶ "በማን ፈቃድ ነበር የምትኖረው? የአጎቷ ልጅ አልነበረም ወይ የሚያስቀምጣት?" ብሎ ይጠይቃል። ይሄ ጥያቄ ዝም ብሎ የተጠየቀ አይደለም፣ ዘሀራን ከያዥነት አውርዶ ለሌላ ሰው የምትጠብቅ ሊያደርጋት ነው። ምስክሩ ካላወቀ "አላውቅም" ይበል፣ ገምቶ "እንጃ ሊሆን ይችላል" ካለ ግማሹ ስራ ፈረሰ። ምስክር አታስጠኑ፣ ግን ያላየውን እንዳይናገር ንገሩት። ክሱ ላይም የምስክር ስም ብቻ ደርድራችሁ አትተዉት፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚያስረዳ አንድ አንድ መስመር ጻፉ፣ ሁሉም አንድ አይነት ነገር የሚያስረዱ ከሆነ ሁለቱ ይበቃሉ።

አሁን ወደ ባለቤትነት። እዚህ ምስክር ወደኋላ ይቀመጣል፣ ወረቀት ወደፊት ይመጣል።

አንደኛው ካርታ ነው። ቁጥር 1195 የአስተዳደር ክፍል የማይንቀሳቀስ ንብረት የአንድ ሰው መሆኑን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ከሰጠ ያ ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል ይላል። ይገመታል ነው የሚለው። ግምቱን ማፍረስ ይቻላል፣ መንገዶቹ 1196 ላይ ሶስት ናቸው፦ ወረቀቱ የተሰጠው ከሕግ ውጪ ወይም ስልጣን በሌለው ክፍል ከሆነ፣ የተሰጠበት መነሻ የማይጸና ስራ ከሆነ (ለምሳሌ ሀሰተኛ ውክልና ወይ ፈራሽ ውል)፣ ወይም ካርታው ከወጣ በኋላ እናንተ ባለቤትነቱን ያገኛችሁ ከሆነ። ስለዚ ካርታ ያለው ሰው "ጨርሻለሁ" ብሎ አይዝናና፣ ካርታ የሌለውም "አለቀልኝ" አይበል፣ ከሶስቱ በየትኛው እንደሚሄድ ግን ክሱ ላይ በግልጽ ይጻፈው። "ካርታው ሀሰተኛ ነው" ብሎ ብቻ መጻፍ ምንም አይደለም። ምኑ? ማን ፈረመ? መነሻው የትኛው ሰነድ ነው?

መነሻውን የምታገኙት ማህደሩ ውስጥ ነው። ማዘጋጃ ቤት ወይ መሬት ክፍል ያለው ፋይል ማለቴ ነው። ከቻላችሁ ከክሱ በፊት ኮፒ ጠይቁ፣ ካልሰጧችሁ ፍርድ ቤቱ ማህደሩ እንዲቀርብ ወይም ማጣሪያ ተጽፎ እንዲላክ እንዲያዝ በክሱ ላይ አመልክቱ። ማህደር ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታዩት የገጽ ቁጥሩን ነው። 1፣ 2፣ 3፣ 6 ካለ 4 እና 5 የት ሄዱ ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ ስሙ እስከ አያት ከመታወቂያችሁ ጋር ይገጥማል ወይ (አንዱ ጋ መሀመድ ሌላው ጋ ሙሀመድ ሆኖ ስንት ቀጠሮ ይበላል)፣ የካሬ ስፋቱ፣ አዋሳኞቹ። ደሴ ላይ አዋሳኝ ትልቅ ጣጣ ነው፣ ጦሳ ስር ያለው ሰፈር ቁልቁለት ስለሆነ አጥር በየክረምቱ ይንሸራተታል፣ ድጋፍ ግንብ ሲሰራ አንዱ ወደ ሌላው ይገባል፣ ካርታው 200 ካሬ እያለ መሬት ላይ ሲለካ ሌላ ይወጣል። አሮጌ ሰነድ ላይ ደግሞ አዋሳኙ በሰው ስም ነው የተጻፈው፣ ሰዎቹ ሞተዋል፣ ልጆቻቸውም ሸጠው ሄደዋል። እንዲህ ከሆነ ክርክሩ ቤቱ የማን ነው ሳይሆን ድንበሩ የት ነው ሊሆን ይችላል፣ ባለሙያ ቦታው ላይ ሄዶ ለክቶ ሪፖርት እንዲያቀርብ ፍርድ ቤቱን ጠይቁ። ሲለካ ራሳችሁ ተገኙ።

ቤቱን የገዛችሁት ከሆነ ሁለተኛው ወረቀት ውሉ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሁፍ ካልሆነ ዋጋ የለውም (2877)፣ ከዛም በላይ ቁጥር 1723 ውሉ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይሄንኑ ምዝገባ አጥብቆ ይዞታል፣ የሰበር ትርጉም ደግሞ የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል፣ የኛንም ጭምር። ደላላው ቤት ተቀምጦ ሶስት ሰው ፊት የተፈረመ የመንደር ውል፣ ብር ሙሉ ተከፍሎበት ቁልፍም ተሰጥቶበት፣ ሻጩ ወይ የሻጩ ልጆች ዞረው ሲክዱ የሚያመጣውን ራስ ምታት አስቡት። ሻጩ ውሉን ራሱ ካመነ ነገሩ ሊቀል ይችላል፣ ግን ቤት ዋጋው በጨመረበት ሰአት ማን ያምናል። ሶስተኛ ወገንን በተመለከተ ደግሞ ሽያጩ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልተመዘገበ በሱ ላይ ውጤት የለውም (2878)። ሻጩ ያንኑ ቤት ለባንክ አስይዞት ከሆነ ወይ እዳ ኖሮበት ከታገደ ጣጣው እናንተ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እዳና እግድ የሌለበት መሆኑን ከመዝገቡ አጣሩ፣ ሻጩ ያገባ ከሆነም ባል ወይ ሚስት መፈረማቸውን። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ቤት ካርታው በአንዱ ስም ብቻ ቢሆንም የጋራ ተብሎ ነው የሚገመተው፣ ያልፈረመችው ሚስት መጥታ ውሉ ይፍረስልኝ ትላለች።

ውሉ ቢጠፋስ? በጽሁፍ መሆን ያለበትን ውል በምስክር ማስረዳት አይቻልም፣ ይሄ መርሁ ነው። ግን ቁጥር 2003 ሰነዱ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መበላሸቱ ከተረጋገጠ በሩን ይከፍታል። ስለዚ በጦርነቱ ጊዜ ቤታችሁ ተዘርፎ ውሉ የጠፋባችሁ ሰዎች ሁለት ደረጃ ነው ያለባችሁ፣ መጀመሪያ ሰነዱ ነበረ ጠፋም የሚለውን ታስረዳላችሁ፣ ከዛ ነው ይዘቱን በምስክር የምታስረዱት። መጀመሪያውን ዘለው ቀጥታ "ሲፈራረሙ አይቻለሁ" የሚል ምስክር የሚያሰሙ አሉ፣ ተቃራኒው ወገን ጠበቃ ካለው ወዲያው ይቃወማል። ውሉ ተመዝግቦ ከነበረ ደግሞ የመዘገበው ክፍል ቀሪ ኮፒ ይኖረዋል፣ ምስክር ከመጥራታችሁ በፊት እዛ ሂዱ።

የአረብ ሀገሩን ብር ጉዳይ ሳልነካ ማለፍ አልችልም፣ ወሎ ላይ ይሄ የማይነካው ቤት የለም። እህት ጅዳ ወይ ዱባይ ሆና በየወሩ ትልካለች፣ ወንድም ኮምቦልቻ ላይ ቦታ ይገዛል፣ ቤት ይሰራል፣ ካርታውን "አንቺ ስለሌለሽ ነው" ብሎ በራሱ ስም ያወጣል። ስትመለስ አግብቷል፣ ሚስቱም ቤቱ የጋራ ነው ትላለች። እህቲቱ የያዘችው የሃዋላ ደረሰኝና የዋትሳፕ ድምጽ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሕጉ መጀመሪያ የሚያየው ካርታ ላይ ያለውን ስም ነው። ብር መላኳን ማስረዳት ብሯን ለመጠየቅ ይረዳታል፣ ቤቱን ራሱን ለመጠየቅ ግን ከባድ ነው፣ በሷ ስምና ለሷ እንደሚሰራ የሚያሳይ የጽሁፍ ነገር ከሌለ። እና ሀገር ላይ ሳትሆኑ ቤት ስታሰሩ ውክልና ላኩ፣ በኤምባሲ ወይ ቆንስላ በኩል የተረጋገጠ፣ ውክልናው ላይ "በስሜ እንዲገዛልኝና ካርታ በስሜ እንዲያወጣልኝ" ይባል። ብሩን በባንክ ላኩ፣ ምክንያቱ ላይ "ለቤት ግንባታ" ብላችሁ ጻፉ። ወንድሜን አምነዋለሁ የምትሉ ደግሞ እመኑት፣ ሚስቱንና ልጆቹን ግን ገና አታውቋቸውም።

የግብር ካርኒ። እናቶቻችን በላስቲክ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጡት የጣሪያና ግድግዳ ደረሰኝ ማለት ነው። ዋጋው ስንት ነው? ብቻውን ባለቤት አያደርግም፣ ግን ከሌላ ማስረጃ ጋር ሲደመር ጠንካራ ነው። ቁጥር 1168 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ ለ15 ተከታታይ አመታት የባለቤትነት ግብር የከፈለ ሰው ባለቤት ይሆናል ይላል። ተከታታይ ነው፣ ሶስት አመት ዘሎ በአንድ ቀን ጠቅልሎ የከፈለ ሰው ጥያቄ ይነሳበታል። ደረሰኙን ገልብጣችሁ እዩ፣ የከፋይ ስም የማን ነው? ብዙዎቹ ላይ የተጻፈው የሟች አባት ስም ነው፣ ብሩን ወስዶ የከፈለው ልጅየው ቢሆንም። እንደዛ ከሆነ ለአባቱ ከፈለለት እንጂ በራሱ ባለቤትነት አልከፈለም ይባላል። በቤተሰብ መካከል ደግሞ ሕጉ ራሱ ገደብ ስላስቀመጠ ወንድም እህቱ ላይ "15 አመት ገበርኩ" ብሎ የጋራ ቤት ለመጠቅለል ቢያስብ አይሄድለትም።

የቀበሌ ቤት ላይ አጭር ልበል። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግስት አድርጓል። ለቀበሌ ኪራይ እየከፈላችሁ አርባ አመት ብትኖሩ ተከራይ ናችሁ፣ የኪራይ ደረሰኙን ባለቤትነት ለማስረዳት ማቅረብ በራስ ላይ መመስከር ነው። በሌላ በኩል የአያቶቻችን ከ67 በፊት የነበረ ሰነድ ይዛችሁ የምትመጡ፣ አዋጁ ያን ቤት ወርሶታል ወይስ ለመኖሪያ ተትቶላቸው ነበር የሚለውን መጀመሪያ አጣሩ፣ ከተወረሰ ሰነዱ የታሪክ ወረቀት ነው። መሬቱ በሁሉም መልኩ የመንግስትና የህዝብ ነው (ሕገ መንግስት 40)፣ የምትከራከሩት በላዩ ባለው ቤትና በመጠቀም መብቱ ነው፣ ክሱ ላይ "መሬቴን" እያላችሁ አትጻፉ። ካርታ የሌለው ሰነድ አልባ ቤት ያላችሁም ከግለሰብ ጋር በይዞታ መከራከር ትችላላችሁ፣ ከማዘጋጃ ቤት ጋር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ውርስ። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አወጣሁ ብሎ ቤቱን ያገኘ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ማስረጃው የሚለው እናንተ የሟች ወራሽ ናችሁ ነው። ቤቱ የሟች ነበር አይልም። እሱን ለየብቻ ታስረዳላችሁ፣ በሟች ስም ባለ ካርታ፣ ውል፣ ግብር። ሙስሊም ወገኖች በሸሪዓ ፍርድ ቤት መጨረስ ትችላላችሁ፣ ግን ሁሉም ተከራካሪዎች ፈቃደኛ መሆን አለባቸው፣ አንዷ እህት አልፈልግም ካለች መደበኛው ፍርድ ቤት ነው፣ ድምጿን ሳይጠይቁ ያስወሰኑት በኋላ ይፈርሳል። ወራሽ ሳይሆን ውርሱን የያዘ ሰው ላይ ደግሞ ጊዜ አለው፣ መብታችሁንና ሰውየው መያዙን ካወቃችሁ ሶስት አመት (ቁጥር 1000)። ከአረብ ሀገር እስክመለስ ብላችሁ አታቆዩት፣ ውክልና ልካችሁ አስከስሱ።

ክሱን የምታስገቡት ቤቱ ባለበት ቦታ ነው፣ ኮምቦልቻ ያለ ቤት ኮምቦልቻ፣ እናንተ ደሴ ብትኖሩም። የዳኝነት ክፍያ በግምቱ ልክ ስለሆነ ቤት ላይ ይከብዳል፣ አቅም ከሌላችሁ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ጎራ ብላችሁ ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ። ማስረጃ ዝርዝር ከክሱ ጋር አብሮ ይግባ፣ "በኋላ አቀርባለሁ" ለዳኛ አይጥምም። ኦርጅናሉን አትስጡ፣ ኮፒ አያይዙና ኦርጅናሉን ችሎት ላይ አሳዩ፣ እቤት ስትመለሱ ደግሞ ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ ቴሌግራም ላኩት።

ሌላ ሰው ከሌላ ሰው ጋር ተካሶ በናንተ ቤት ላይ ተፈረደ ብላችሁ ብትሰሙ፣ ይሄም ይደረጋል፣ ሁለት ዘመድ ተመሳጥሮ አንዱ ይከሳል አንዱ ያምናል፣ ፍርድ ይዘው ሊያስፈጽሙ ይመጣሉ። መብቴን ይነካል ብላችሁ በፍትሐብሔር ስነ ስርዓት ቁጥር 358 ፍርዱን ተቃወሙ፣ የፈረደው ፍርድ ቤት ዘንድ ነው የሚቀርበው፣ ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት መሆን አለበት እና የሰማችሁ ቀን ተነሱ።

እግድ አትርሱ። ባለቤትነት እየተከራከራችሁ ቤቱ ለሶስተኛ ሰው ቢሸጥ ወይ ቢፈርስ ብታሸንፉም ሌላ ዙር ነው። ከክሱ ጋር አብራችሁ በዚሁ ስነ ስርዓት ሕግ ቁጥር 154 የእግድ ማመልከቻ አስገቡ፣ ሊሸጥ እንደሆነ የሚያሳይ ነገር ካለ (ደላላ ያሳየበት ፎቶ፣ የለጠፈው ማስታወቂያ) አያይዙ። እግዱ ሲወጣ ደግሞ ወረቀቱን ከሬጅስትራር ተቀብላችሁ በዛው ቀን ራሳችሁ ማዘጋጃ ቤት አድርሱት፣ ተራ ፖስታ እስኪወስደው አትጠብቁ፣ ስም ዝውውር የሚሰራው ክፍል ድረስ ግቡ፣ ማህደሩ ላይ ሲያያዝ እዩ፣ በናንተ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስመትታችሁ ውጡ።